ወደ ግራ የሄዱት ጥይቶች

የአደን ቡድኑ መሪ ስቲግ የዒላማውን ወረቀት ነቅሎ ሲመለስ ምንም አልተናገረም። ብርቅአየሁ ዝምታውን ታውቀዋለች። የሚለው ሲያጣ ዝም የሚል ሰው አለ፤ የሚለው ሲከብደው ዝም የሚል አለ፤ ስቲግ ከሁለተኛዎቹ ነው። ወረቀቱን ሰጣትና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ኤልግ፣ ያ የሰሜን ደን ግዙፍ አጋዘን፣ ደረቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልነበረችም። አንዷ ጥይት ሆዱን፣ አንዷ ታፋውን አግኝታዋለች። የቀሩት ከኋላው ባዶ ወረቀት ላይ አርፈዋል። ሁሉም ወደ ግራ።

«ቅዳሜ አንዴ እንሞክራለን፤» አለ ስቲግ በስዊድንኛ፣ ዓይኗን ሳያይ። «እንዲሁ ከሆነ ግን አደኑ ሲከፈት ውሾቹን ከሚይዙት ጋር ትሄጃለሽ። ያለ ጠመንጃ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የአደን ቡድን ከሁሉ የሚፈራው ቆስሎ ጫካ የሚገባ አውሬ ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ግን ከቴርሞስ ቡና ሲቀዱ የነበሩት ሁለቱ የቡድኑ አባላት እሷ ዞር ስትል ወሬያቸውን ሲያቋርጡ አየች። የስቲግ የወንድም ልጅ የአዳኝነቱን ፈተና እንዳለፈና ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንደሚፈልግም ሰምታለች። ቦታ ደግሞ አንድ ሰው ካልወጣ አይገኝም። ጠመንጃዋን ሳጥኑ ውስጥ ስታስተኛ ይህን ሁሉ እየደመረች ነበር።

ብርቅአየሁ የምትኖረው ስዊድን ውስጥ፣ ሃሉንዳ በሚባል ሰፈር ነው። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሽሮ ሜዳ ስታድግ ጠመንጃ ያየችው ዘበኛ ትከሻ ላይ ብቻ ነበር። ወደ አደን ያስገባት ስቲግ ራሱ ነው። እናቱን ትንከባከብ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ ጥቅምት፣ አውሬ ከሚያባርሩት ጋር አብራ እንድትሄድ ጋበዛት። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ፣ ስትጣራና ስትጠራ የምትውል ሴት ስለሆነች፣ ማንም ምንም የማይጠይቅበት እንዲያ ያለ ዝምታ ዓለም ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር። ተማረች፣ ፈተናውን አለፈች፣ ያገለገለ ጠመንጃ ገዛች። የመጀመሪያዋን ኤልግ የጣለች ዕለት «በስመ አብ» ብላ እስክታማትብ ሰዎቹ ቢላዋ ይዘው ቆመው ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይጠብቋታል። የሃሉንዳ ጓደኞቿ ግን አሁንም ያሾፉባታል። አንዷማ ማኅበር ላይ፣ «ሌላው ስዊድን መጥቶ ይማራል፤ ብርቄ ሸፈተች፤» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞልታዋለች።

ነገሩን ያመጣው ትከሻዋ ነው። ሰው ከአልጋ በማንሳት ያረጀ ትከሻ ነው፤ ጠመንጃው በተኮሰች ቁጥር ሲራገጥባት ዕንባዋ ይመጣል። የቡድኑ ሰዎች የአፈሙዝ ፍሬን እንድታስገጥም መከሯት። ይህ ፍሬን አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ጎንና ጎኑ የተሸነቆረ አጭር የብረት ቱቦ ነው። ጥይቱ በመሐሉ ያልፋል፤ የባሩዱ ግፊት በጎን በጎን ይወጣል፤ ጠመንጃውም መራገጡን ይቀንሳል። እሱን ለመግጠም የአፈሙዙ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ ሊወጣለት ይገባል፤ ያ የጠመንጃ ሠሪ ሥራ ነው።

ብርቅአየሁ ጠመንጃ ሠሪ አላት። ዘይኑዲን የወሎ ሰው ነው፤ ሶደርተልየ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት እየቀረጸ ለዓመታት ሠርቶ፣ ኋላም ሙያውን ተምሮና ፈቃድ አውጥቶ የራሱን ወርክሾፕ የከፈተ። እናቱን ከደሴ አምጥቷቸው ሲታመሙ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችው ብርቅአየሁ ናት። ያንን አይረሳም። እሷ ያደነችውን ሥጋ እንኳ አይቀምስም፤ በእምነት አይገናኙም፤ ቢሆንም ጠመንጃዋን ይዛ ስትሄድ ወረፋ የያዙትን የስዊድኖቹን ጠመንጃዎች ገፋ አድርጎ የእሷን አስቀደመ። ልትወስደው የመጣች ዕለት ደግሞ፣ አብረው ሄደው ተኩሰው እንዲያዩት ጠየቃት። እሷ ምን ብላ እሺ ትላለች? አንተ የሠራኸውን ነው የምሞክረው፣ ልታሰድበኝ ነው እንዴ ብላ ሳጥኑን ዘጋችው። እሱም ሳቀ።

ከተኩሱ ሜዳ ቤቷ ስትገባ ያ ሳቅ ነበር ጆሮዋ ላይ የቀረው።

መዝጊያውን አውጥታ፣ ባዶ መሆኑን ደግማ አይታ፣ ጠመንጃውን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ዓይኔ ደክሞ ይሆን? ትከሻዬ ምቱን ፈርቶ ቀድሞ ይሸሽ ይሆን? ግን ፍሬኑ ከገባ ወዲህ ትከሻዋ የሚፈራው ነገር የለም። ጥይቱ የዱሮው ነው፤ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽርም አልተነቃነቀም። የተለወጠው ያ ቱቦ ብቻ ነው። ልትፈታው ያዘችው፤ ወይ ፍንክች። ያኔ ትዝ አላት፤ ዘይኑዲን በማጣበቂያ አጥብቄዋለሁና እንዳይነኩት ብሏት ነበር። በዚያን ጊዜ ጥንቃቄ መስሏት ነበር። አሁን ግን ቃሉን ስታገላብጠው ሌላ መልክ አወጣ። ለምንድን ነው እንዳልነካው የፈለገው?

የስልኳን መብራት አብርታ በቱቦው ጫፍ ተመለከተች። ጥይቱ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ ዙሪያውን በጥላሸት ጠቁሯል። በአንድ በኩል ግን እንደ መዳብ ቀላ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ፍቅታ ነበረው። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ደወለችለት፤ አላነሳም። እንደገና ደወለች፤ አላነሳም። ሰው ስልክ የማያነሳው ሲያፍር ነው ብላ ደመደመች።

ልጇ ፌበን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ናት። አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ነገሩን ስትሰማ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ፣ ረክላሜራ አድርጊያ አለቻት፤ ለሠራው ሰው በጽሑፍ አቤቱታ አስገቢ ማለቷ ነው። ብርቅአየሁ ደነገጠች። የእናቱን ዓይን የከደንኩለትን ሰው ልክሰሰው?

«መክሰስ አይደለም፤» አለች ፌበን። «ተበላሽቷል በይው፣ በቃ።»

«ተበላሽቷል ማለትና አበላሸኸው ማለት ምን ልዩነት አለው?»

ፌበን ልዩነቱን ልታስረዳት ሞከረች። ብርቅአየሁ ግን መስማቱን ትታ ሌላ ነገር ታስብ ነበር፤ ውለታዬን እንዲህ ነው የመለሰልኝ እያለች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሳትደውል ሶደርተልየ ሄደች። ሳይዘጋጅ ልታገኘው ፈልጋ ነው፤ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ዘይኑዲን ከቶርኖው ላይ ቀና ሲል ፊቱን አጠናችው። ደስ አለው፤ ወይም ደስ ያለው መሰለ። ስልኩ ዘይት ውስጥ ወድቆበት ለጥገና እንደሰጠው ሳትጠይቀው ነገራት። ሳይጠየቅ መናገሩን አልወደደችውም።

ወንበር አቀረበላት። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ፌበን ጠየቃት፣ የደሴን ወሬ ነገራት፣ ዝናቡን አሙ። እሱ ሳጥኑን ያያል፤ እሷ እሱ ሳጥኑን ሲያይ ታየዋለች።

«ትከሻዎ አረፈ ታዲያ፣ እትዬ?»

«ትከሻዬስ አርፏል። ጥይቱ ነው መድረሻ ያጣው። ሁሉም ወደ ግራ ይሄዳል።»

ፊቱ ተዘጋ። ወድቆብዎት ይሆን አላት፤ አልወደቀም አለችው። መኪና ውስጥ ዕቃ ተጭኖበት እንደሆነ ጠየቀ።

«ዘይኑ፣ እኔ ሰው ተሸክሜ ደረጃ የምወርድ ሴት ነኝ። ዕቃ አልጥልም።»

«መቼ ይጥላሉ አልኩ። ሌላ ሠሪ ጋ ወስደውት ነበር ወይ?»

ይህን ሲል የሚያሳብብበት የሌላ ሠሪ እጅ ነበር የፈለገው፤ እሷ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እኔ ሊያዞረው ነው ብላ ሰማችው። የወርክሾፑ ሬድዮ ያወራል። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተችና በስልኳ መብራት ያንን የሚያብለጨልጭ ፍቅታ አሳየችው።

ጎንበስ ብሎ አየው። ቀና ብሎ ሬድዮውን አጠፋ። ከመሳቢያ ውስጥ ቀጥ ያለ ቀጭን የብረት ዘንግ አውጥቶ ከበርሜሉ ኋላ አስገባው። ዘንጉ በአፈሙዙ አልፎ በፍሬኑ ቀዳዳ ብቅ አለ። መሐል ለመሐል መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን በአንድ በኩል ጠርዙን ታክኮ ነው። ይህን ለማየት ሙያ አያስፈልግም።

ዘይኑዲን እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ እጁን ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። በርሜሉ አሮጌ ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ ከውጪው ብረት ትክክለኛ መሐል ላይ አይደለም፣ ትንሽ ያፈነገጠ ነው። ጥርስ ሲወጣለት መለካት ያለበት ከቀዳዳው ነበር፤ እሱ የለካው ከውጪው ነው፣ እንዲያ ይፈጥናል። ስለዚህ ፍሬኑ ጠምሞ ተቀመጠ፤ ጥይቱም በወጣ ቁጥር ጠርዙን እየነካ መንገዱን ይስታል።

«ይህን ዘንግ ያን ጊዜ አላስገባኸውም?»

«አላስገባሁትም።»

«ለስዊድኖቹስ?»

«ለእነሱ ሁሌም አስገባለሁ።» ቀና አላለም። «እርስዎ ግን የቤት ሰው ነዎት። ወረፋ አስቀድሜ፣ ቶሎ ላድርስልዎት ብዬ ተጣደፍኩ። አልሞክረውም ሲሉኝ ደግሞ እፎይ አልኩ።»

ከሁሉም የቆረጣት ይህ ቃል ነው። እሷ በክብር የሰጠችውን እምነት እሱ ለመሸሸጊያ ተጠቅሞበታል። ደግሞም አብረው ሄደው አንድ ሁለት ጊዜ ቢተኩሱ ኖሮ የዚያኑ ዕለት ይታይ እንደነበር ገባት፤ ያን ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችውም።

የአፈሙዙ ጫፍ ተቆርጦ፣ ጥርሱ እንደገና ወጥቶ፣ ሌላ ፍሬን መግባት አለበት። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ለቅዳሜ ሊያደርስላት ተነሳ። አይሆንም አለችው፤ እዚህ ያደረሰን መጣደፍ ነው፤ ፍሬኑን ብቻ አንሳልኝ። በእሳት አሙቆ ማጣበቂያውን አላቀቀና ፈታው፤ የተራቆተውን ጥርስ በትንሽ ክዳን ሸፈነላት። ሳጥኑን መኪናዋ ድረስ ተሸክሞላት፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤» አለ። ለምን እንደሚመጣ አልተናገረም።

ሃሉንዳ እስክትደርስ ያንን ስታኝክ ሄደች። እዚያ ሜዳ ላይ ከሚተኩሱት ግማሾቹ የእሱ ደንበኞች ናቸው። ስሙን ሊጠብቅ ነው የሚመጣው። ቀድሞ ስቲግን ገለል አድርጎ፣ በርሜሉ አሮጌ ነው፣ ሴትዮዋም ትከሻዋን ያማታል ይለዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል?

ቅዳሜ ዘይኑዲን ለኢድ የሚለብሰውን ካፖርት ለብሶ መጣ። ለሚያውቃቸው እጁን እየሰጠ አለፈና በእርግጥም ቀጥታ ስቲግ ጋ ሄደ። ገለል ብለው ቆሙ። ነፋሱ ቃላቸውን ወሰደው። ስቲግ አንድ ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ አየ። ይኸው፣ አለች በልቧ።

ከዚያ ዘይኑዲን ሰዎቹ ቡና ወደሚጠጡበት ጠረጴዛ ተመለሰና በዚያ የፋብሪካ ስዊድንኛው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የባለፈው ሳምንት ስህተት የእኔ ነው። አፈሙዙን አጣምሜ የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሳተችም።»

ሁለቱ ባለ ቴርሞሶች ተያዩ። ከዚያ አንደኛው፣ ባለፈው ሰኔ ለእሱም እንዲሁ ያለ ፍሬን የተገጠመለት፣ ጠመንጃውን ብድግ አድርጎ አፈሙዙን አየ። የእኔስ ተፈትሿል ወይ ብሎ ጠየቀ። ተፈትሿል፣ ግን አምጣና አብረን እንየው አለው ዘይኑዲን። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ከአፈሙዙ አልተነሳም። ብርቅአየሁ ሳምንቱን ሙሉ የተሸከመችው ጥርጣሬ ከእሷ ወርዶ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ በዓይኗ አየችው። የጠበቀችውን ያህል ደስ አላላትም።

ስቲግ መነጽሩን የምታስተካክልበት ጥቂት ጥይት ፈቀደላት። ከዚያ አዲስ ወረቀት ሰቀለ። ሰበብ አላነሳም፣ አላጽናናትምም። ማን እንደሳተ ወረቀቱ ይንገረን ብሎ ከኋላዋ ቆመ።

ያለ ፍሬን ጠመንጃው የዱሮው በቅሎ ሆነ። በመጀመሪያው ተኩስ ሕመሙ እስከ ክርኗ ወረደ። ትከሻዋን ማሸት አማራት፤ እንዳያዩባት ተወችው። ሁለተኛውን ስትተኩስ ዓይኗ በዕንባ ሞላ፤ ብትጠርገው ያውቁብኛል ብላ እስኪጠራላት አየር እየሳበች ጠበቀች። ሦስተኛው። የመጨረሻውን ከመተኮሷ በፊት ትከሻዋ በርግጥም ሊሸሽ ሲል ተሰማት፤ ሰደፉን አጥብቃ አቀፈችውና ትንፋሿን ለቀቀች።

ስቲግ ወረቀቱን ነቀለ። ወዲያው አላመጣውም፤ ወደ ሰማዩ ብርሃን ዘርግቶ አየው፣ ገልብጦም አየው። መጥቶ ሰጣት። ጥይቶቹ ሁሉ ደረቱ ላይ ናቸው፤ አንዷ ብቻ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላለች።

«ሰኞ ጎህ ሲቀድ፤» አለ። «ወንዙ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዢ።»

ስለ ወንድሙ ልጅ አልጠየቀችውም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ዘይኑዲን አሁን በሦስት ሰዎች ተከቧል፤ አንዱ ስለ በርሜል፣ አንዱ ስለ ማጣበቂያ ይጠይቀዋል፤ የኢድ ካፖርቱ ውስጥ አልቦታል። አጠገቡ ቆመች።

«የእኔ ጠመንጃ ከአደኑ በኋላ ተመልሶ ለእሱ ነው የሚሰጠው፤» አለች በስዊድንኛ፣ ለሰዎቹ። ሰዎቹ ጥያቄያቸውን አቆሙ።

ዘይኑዲን ዞሮ አያት፤ አንገቱን ደፋ።

«ግን እኔ ከላይህ ቆሜ እያየሁ ነው የምትሠራው፤» አለችው በአማርኛ።

«ወንበር አዘጋጃለሁ፣ እትዬ።»

«ቆሜ አልኩህ።»