የከዲሮ ቅንድብ

ፎቶ አንሺው ገብረወልድ ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ስበሳጭበት ክፉ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ ነው። አሰላ ውስጥ የእሱን ፎቶ ቤትና የእኔን ልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ እላለሁ፤ የእኔ የስፌት መኪና ስትንጫጫ እሱ "ኧረ ዘይት አጠጣት" ይለኛል። ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ተምሮ ነው የመጣው። ከተማው የሚወደው ግን ለካሜራው ሳይሆን ለእርሳሱ ነው። ፈንጣጣ የበሳውን ጉንጭ ይደፍናል፣ የጠበበ ዓይን ይከፍታል፤ ቅንድብማ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ወፍራምና ጎበጥ ያለ አድርጎ ይስላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአሰላ ሰው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል።

"ሰው የሚመጣው መልኩን ሊያይ ነው፤ ጠባሳውን እቤቱ ትቶት ይምጣ" ይለኛል ስቀልድበት።

ዘይቱና የመጣችው በ1953 ዓ.ም. በልግ ላይ ነው፣ ከኢተያ ወዲያ ካለ መንደር። ባሏ ከዲሮ ለሥራ ወደ አሰብ ወደብ ከወረደ ሦስት ክረምት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር "እነሱን የጫነው መኪና ገደል ገብቷል" ብሎ አወራ። ሬሳ ያየ ሰው የለም። በአገሩ ልማድ ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ይወርሳታል። ሽማግሌዎቹም ክረምት ሳይገባ የከዲሮ ታናሽ ጉቱ እንዲያገባት ተነጋግረው ነበር።

በዚህ መሃል ዘይቱና ኢተያ ገበያ ስኳር ገዛች። ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። እቤቷ ስኳሩን ገልብጣ ወረቀቱን መሬት ላይ ጣለችውና ወጣች። ስትመለስ ከበሩ ላይ ሆና ዓይኗ አረፈበት። መርከብ አጠገብ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ከዲሮ ነው። ሮጣ አነሳችው፤ ፊቱ ጠፋ። ወደ በሩ ተመለሰች፤ ከዲሮም ተመለሰ።

"ኦቦ ገብረወልድ፣ ወላሂ እሱ ነው" አለችው። "ስቀርበው ይሸሸኛል እንጂ እሱ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አይተውት "ጥፍር የምታክል ነገር ላይ ምን እንፈርዳለን? አስጎልተሽ አምጪ" ብለዋታል። ከዲሮ ከሆነ አሰብ ድረስ ሰው ይላካል፣ እስኪመለስም ይጠበቃል። ካልሆነ ኒካው ይታሰራል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ገብረወልድ ጋዜጣውን በካሜራው አነሳ። ማምሻውን የከተማው መብራት ሲመጣ ፊቱን ብቻ ለይቶ አጎላው፤ የእንጀራ ሰፌድ ሊያክል ምንም አልቀረው። በማግስቱ ዘይቱና ብታየው ጮኸች። ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት ነው የሚመስለው። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

"ገደልከው!"

"አልገደልኩትም፣ እህቴ። ጋዜጣ ላይ ያለ ፊት ሁሉ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ዓይንሽ አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። እኔ ሳጎላው አዲስ ፊት አልጨመርኩበትም፤ ነጥቦቹን አሰፋሁ፣ ክፍተቱንም አሰፋሁ። እጥፍ ካሳደግሁት አንቺም እጥፍ ርቀሽ ማየት አለብሽ። በይ ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ ቁሚ።"

ተሻገረች። እኔም መርፌዬን ሰክቼ ተከተልኳት። ገብረወልድ ሥዕሉን በሩ ላይ ያዘልን። ከጋሪው መንገድ ማዶ አንድ ቀጭን ሰው አየሁ፤ ቅንድቡ ሳሳ ያለ፣ ከመሃል የተጋጠመ፣ ፀሐይ ያስጨነቀው። ዘይቱና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የደስታ ልቅሶ ነበር፤ እኔንም አባባኝ።

ሸንጎው ነው የቸገረን። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ዳብሶ፣ ዓይኑ ሥር አድርጎ ያያል። ተነሱና ራቅ በሉ አይባልም፤ ነውር ነው።

"ማዶ ግንድ ላይ ስቀለውና ከተቀመጡበት ይዩት" አልኩት።

"ከሩቅ ካሳየኋቸው የሚደበቅ ነገር አለ ይላሉ። በእጃቸው ያልያዙትን አያምኑም።"

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። እውነቱን ነው፣ ነገሩ አስቸጋሪ ነው፤ ግን እርሳሱን ባያነሳ ምን ነበረበት? ለዘይቱና ስላዘነ አነሳው። ከቅርብም ሰው እንዲመስል ብሎ ነጥቦቹን አያያዛቸው፣ ጉንጩን ሞላው፣ ዓይኑን ከፈተው። ቅንድቡ ጋ ሲደርስ እጁ የለመደውን ሠራ። ኩል ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው። ሥዕሉ ግን አምሮ ነበር፤ ዘይቱናም ልትሄድ ስለቸኮለች ጠቅልላ ያዘችው እንጂ ደግማ አላየችውም።

ገብረወልድ አብሬው እንድሄድ ለመነኝና ሸንጎው ላይ ተገኘሁ። ሥዕሉ መጀመሪያ የደረሰው ከዲሮን ያሳደጉት አጎቱ፣ ኦቦ ጉደታ እጅ ነው። ብዙ አዩት። አውራ ጣታቸውን ቅንድቡ ላይ አሳረፉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ኩን ኢሳ ሚቲ" አሉ። "እሱ አይደለም። የከዲሮ ቅንድብ ስስ ነው፣ ከመሃል የገጠመ። ይሄ የከተማ ሙሽራ ነው።"

ገብረወልድ ተነስቶ እጅ ነሳ። "አባቴ፣ ቅንድቡን እኔ ነኝ ያከልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ቅንድቡን አንተ ከሠራህ አፍንጫውን ማን ሠራው?"

ዘይቱና ከሴቶቹ መሃል "ኦቦ ጉደታ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዩት!" ብላ ጮኸች። ሽማግሌው አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር።

"ልጄ፣ ራቅ አድርጌ ካየሁማ ሁሉም ከዲሮ ነው" አሏት።

ሥዕሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ገብረወልድ ተመለሰ። አሰብ የተላከ ሰው የለም። ሰኔ ሳይገባ ጉቱ አገባት። ጉቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የወንድሙን ማሳ ከራሱ አስቀድሞ ነው የሚያርሰው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ፊቱ በጨው ንፋስ የተቃጠለ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ገብረወልድ ቤት ገባ። በጣውላው ስንጥቅ አየሁት። ያንን ቅንድብ ከመንገድ ማዶ አውቀዋለሁና መቀሴ ከእጄ ወደቀ። ኢተያ ላይ ሲወርድ አንድ የሚያውቀው ሰው ሁሉን ነግሮት፣ ያንንም ሰው እንዳየው እንዳይናገር አስምሎት፣ መንደሩ ሳይገባ እኛ ዘንድ መምጣቱ ነው።

"እኔ ነኝ የተባለውን አሳየኝ" አለ።

ገብረወልድ አውጥቶ ሰጠው። ከዲሮ አየው፣ ገልብጦም አየው።

"ማነው ይሄ?"

ገብረወልድ አለቀሰ። ከዲሮ እስኪጨርስ ጠበቀው፤ ከዚያ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አርግዛለች አሉኝ። ወንድሜን ልገድል ነው ወይስ ልጁን ያለ አባት ላስቀር? መምጣቴን ለማንም አትንገር" አለና በዚያው አውቶቡስ ተመለሰ።

ዘይቱና በመጋቢት ሕፃን አቅፋ ገበያ መጣች። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰላምታ ሰጠች፤ እንደ ቀድሞው ኦቦ አለችው።

"ከአሰብ የመጣ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?"

እኔ መኪናዬን አቆምኩ። ገብረወልድ የያዘውን እርሳስ አስቀመጠ።

"የመጣ የለም" አላት።

ሕፃኑን አስተካክላ አቀፈችው። "እንግዲያው ኦቦ ጉደታ ልክ ነበሩ። ዓይኔ ነው የዋሸኝ" አለች።