ዳንቴል የለበሰው ሄልሜት

አዲስ ሙጫና ስፖንጅ በሸተተኝ ቁጥር፣ ጫማ መሸጫ ውስጥም ብሆን፣ እግሬ ቀጥ ይላል፤ የናዝሬቱ ቤታችን ሳሎን ከነቡፌው ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ የከብት ሐኪም ነበር፤ በመንግሥት ሞተር ሳይክል እስከ ሁሩታ ድረስ በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ከብት ይከትብ ነበር። በበጋው ነፋስ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ይመጣና፣ «አንቺ ወሮበላ፣ ነይ ድርሻሽን ውሰጂ!» ብሎ ፊቱን ፊቴ ላይ ሲያሽ፣ ጩኸቴ ሰፈሩን ያናውጥ ነበር።

በአንዱ በጋ መሥሪያ ቤቱ ቀይ ሄልሜት ሰጠው። ስኳርና ሳሙና እንኳ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን እንዲህ የሚያብለጨልጭ የውጭ ዕቃ ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበርና፣ እናቴ ከእጁ ተቀብላ፣ ወልውላ፣ ከሬዲዮኑ ጎን ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። በልግ ሳይገባ በኪሮሽ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው። ጎረቤት ሲመጣ ዳንቴሉ ገለጥ ተደርጎ ዕቃው ይደነቃል፤ እኔም ጓደኞቼን እያስገባሁ «ውስጡን አሽትቱት!» እላቸው ነበር። አባቴ ለፋሲካ ፎቶ ሲነሳ አንድ ጊዜ አጠለቀው፤ ለሥራው ያረጀች ባርኔጣው በቃችው። ዕቃው የጭንቅላት መሆኑን የረሳን አይመስለንም ነበር፤ ለደህና ቀን እያቆየንለት ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ፣ አባቴ ቦቲውን እያጠለቀ እናቴን፣ «መንገዱ ዛሬ ያንሸራትታል፤ እስቲ ሄልሜቱን አምጪልኝ» አላት።

«በዚህ ጭቃ? ምን ነካህ አንተ ሰው! ሰማዩ ሲጠራ ታደርገዋለህ» አለችው።

ሳቀ። መጨቃጨቅ አይወድም ነበርና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የእህል መኪና በራችን ላይ ቆመ። ከጋቢናው አንድ ገበሬ ወርዶ፣ እናቴን ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጃባዹ፣ አይዞሽ፤ ይተነፍሳል። ሆስፒታል አድርሰነዋል» አላት። ሞተሩ ጭቃው ላይ አዳልጦት፣ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተላትሞ ነበር። እናቴ አልጮኸችም። ወደ ቡፌው ሄዳ ሄልሜቱን ከነዳንቴሉ ታቅፋ፣ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ በዝናቡ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። አልጋው ላይ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ያበጠ፣ የአባቴ ነው ብዬ ልቀበለው ያልቻልኩት ፊት ነበር። እናቴ ሄልሜቱን በሁለት እጇ ወደዚያ ፋሻ ዘረጋች፤ ልታጠልቅለት! ነርሷ ዘላ ክንዷን ይዛ፣ «እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ስትላት፣ «ጠዋት ጠይቆኝ ነበር፤ ጠይቆኝ እኮ ነበር» አለች። ድምፅዋ የእናቴ ድምፅ አልነበረም።

ዓይኑን በአምስተኛው ቀን ገለጠ፤ አንደበቱ የተፈታው ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። እናቴ ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰው ለረጅም ጊዜ አያትና፣ «እመቤት፣ ልጆች አለዎት?» አላት። እኔ እግርጌው ቆሜያለሁ።

«አንድ ሴት ልጅ አለችኝ» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች።

አየኝና ፈገግ አለ። «እግዜር ያሳድግልዎ!»

እናቴ «አሜን» አለች።

በዓመቱ ስማችንን ለመደው፤ ሥራው ላይ ግን አልተመለሰም። እናቴም ስለዚያ ጠዋት ዳግመኛ አንስታ አታውቅም። እስኪሞት ድረስ ደግ ሰው ነበር። ውሃ ሳቀርብለት በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ባዕድ ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኝ ነበር።

ዛሬ በአዳማ ጎዳና ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ የሚከንፍ ሞተረኛ ሳይ፣ ከባጃጅ ውስጥ አንገቴን አውጥቼ «ወንድሜ፣ እባክህ ራስህ ላይ!» እላለሁ፤ ይስቁብኛል። ቤት ስገባ ልጄ ለአባቷ ውሃ ስታቀብለው አገኛታለሁ፤ እሱ ከጋዜጣው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀብሏት ይጠጣል። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በልጄ እቀናለሁ።