የመስታወቱ ጠረጴዛ

እህቴን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ከተነገረን ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ሊያገባት የፈለገው ልጅ አባት ከቻይናና ከዱባይ የቤት ዕቃ የሚያስመጡ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። እኛ ቡታጅራ ላይ ክርና ጨርቅ የምንሸጥ ሰዎች ነን።

«ቤታችንን አይተው ይመለሳሉ» ትል ነበር፣ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የእንጨት ጠረጴዛችንን ጓሮ አስወጥታ ጥቁር እግር ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ገዛች። ማንም እንዳይነካው ተባለ። እኔ እንኳ በአጠገቡ ሳልፍ ቀሚሴን እሰበስብ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ረፋዱ ላይ እህቴ በባዶ እግሯ ሳሎኑን ታሰናዳለች። ማንም ሳይደርስበት ጠረጴዛው ፈነዳ። አክስቴ የተተኮሰ መስሏት ኩሽና ውስጥ ተደፋች፤ እኔም በግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ቀና ስንል ወለሉ በረዶ የዘነበበት ይመስላል፣ የእህቴ እግር ይደማል።

«ገዱ አላማረኝም» አለች አክስቴ።

«በኢየሱስ ስም፣ ዝም በይ» አለቻት እናቴ።

መጥረጊያ ሳነሳ በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«ትንሽ ቆዪ፣ አትክፈቺ» አለችኝ እናቴ። ሽማግሌ በር ላይ ማቆም ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ከፈትኩ።

የልጁ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገብተው ደፉ ላይ ቆሙ። ወለሉን አዩ። ከዚያ የእህቴን እግር አዩና መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«እኛም ቤት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ፈንድቷል፣ እራት ላይ ሳለን» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «እኔው ያስመጣሁት ነው። ለሰው ግን አልተናገርንም።»

አንደኛው ሽማግሌ ቀና ብለው አዩዋቸው። «አሁንም ይሸጡታል?» ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ አልደፈርኩም።

ስብርባሪውን ጠርገን ጅባ ምንጣፍ አነጠፍን። ክትፎው ቀረበ፣ ልጅቷ ተጠየቀች፣ ተሰጠች። እናቴ አንድ ጉርሻ አልዋጠችም።

ሲሄዱ «እዚያ ቤት እንዴት ትኖራለች?» አለችኝ።

«ይጠነቀቃሉ እኮ» አልኳት፣ የጠረጴዛው ነገር መስሎኝ።

«ፈንድቶባቸው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው» አለች።

እህቴ አሁን ትልቅ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ስትደውል ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። እናቴ ግን አታምናትም፤ ስልኩን ሳትዘጋ ደጋግማ ትጠይቃታለች።