የፉንዲ ገለታ ጊታርና ሙዚቃ የገባት ፍየሌ

ጎረቤቴ ገለታ አናጢ ነው። እኛ በኬንያው ሞያሌ አናጢውንም፣ ግንበኛውንም፣ ቧንቧ የሚጠግነውንም «ፉንዲ» ነው የምንለው። ፉንዲ ገለታ የታወቀው በሚጀምረው ሥራ ነው፤ የጨረሰውን ያየ ሰው የለም። እኔ ልብስ የምሰፋበትን ጠረጴዛ የሠራልኝ እሱ ነው፤ አራተኛው እግሩ እስካሁን ጡብ ነው። የራሱ ቤት በር ከተሰቀለ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላውም እጀታ የለውም፣ በሽቦ ይጎተታል። ለልጁ ለአመለሸጋ የጀመረው የሕፃን አልጋ ዛሬም ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስትጠይቁት «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ተሰዶ ሲመጣ «በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር» ብሎ አወራ። ሦስት ዓመት ይሁን ሦስት ቀን የሚያጣራ ሰው ስላልነበረ እኛም ዝም ብለን አመንን።

አመለሸጋ ቦሩ ለሚባል ጨዋ ልጅ ታጨች። ቦሩ ከከተማችን ወጣ ባለው ቆላ፣ ጎልቦ ውስጥ፣ የከብት መድኃኒት ይሸጣል፣ ቤተሰቡም እዚያው ግመልና ፍየል ያረባል። የሙሽራዋን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ አፌ አላርፍ ብሎ ከማዶ ኪቦርድ ተጫዋችም ፈልጌ ተዋዋልኩላቸው። ገለታ ይህን ሲሰማ ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ ሰውየውን ደውሎ አሰናበተው።

«በልጄ ሠርግ የምጫወተው እኔ ነኝ። ጊታሩንም በገዛ እጄ ነው የምሠራው» አለኝ።

አመለሸጋ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ አለቀሰች። «አክስቴ ፎዚያ፣ ሠርጌ ያለ ሙዚቃ ሊቀር ነው። ከአባዬ ሌላ ስጦታ አልፈልግም፤ ይህን አንድ ነገር ቢጨርስልኝ ይበቃኛል» አለች። እኔም መርፌዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ አይዞሽ አልኳት። አለማመኔ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም።

እንጨቱን ያገኘው ጋራዥ ጓሮ ከወደቀ አሮጌ ሎሪ ነው። ሎሪው ዕድሜውን ሙሉ ከማዶ የከብት ጨው ጭኖ ወደ ኡራንና ወደ ጎልቦ ጉድጓዶች ሲመላለስ የኖረ ነው። ገለታ ከጭነቱ ወለል ወፍራሙን ሳንቃ ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

«ሠላሳ ዓመት ፀሐይ የመታው እንጨት ነው። ይህን ፈረንጆቹ ፈልገው አያገኙትም» አለኝ። ሰውየው ከኢሲኦሎ ወዲያ ረግጦ አያውቅም።

እውነቱን መናገር ካለብኝ ቅርጹን ሲያወጣው አማረበት። አንገቱን ከአንድ የሎሪ ረዳት ከገዛው ስብርባሪ ጊታር ወሰደ፣ ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚያነሳውንም ማግኔት ከዚያው ፈታ። በሁለት ወሩ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ሲነካው ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየ። ጊታር ነበር። ሠርጉ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ቀለም ሊቀባው ተነሳ። ቀይ ቀባው፣ አብረቀረቀ፣ በአራተኛው ቀን ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ አብጦ ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወጣ። ገለታ የናይሮቢን ቀለም ሰደበ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ስቱኮ ለብጦ ከማዶ በመጣ ጥቁር ቀባው። እሱም አበጠ። አሁን የተሰደበው የማዶው ቀለም ነበር። አረንጓዴው ሲላጥ ጥፋቱ የእኔ የከሰል ካውያ ጭስ ሆነ። አራተኛው፣ ሰማያዊው፣ ሲነሳበት አቀርቅሮ «ፎዚያ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ዓይንሽ ትንሽ ከበድ ይላል» አለኝ። አንድ ሳምንት ሰላም አላልኩትም።

ከቀለሙ ሁሉ ያልተጣላችው የእኔ ፍየል ብቻ ነበረች። ጊታሩ ውጭ ሊደርቅ በተሰቀለ ቁጥር ገመዷን በጥሳ ትሄድና ከሥሩ ቆማ አንገቷን ትመዛለች።

«ሙዚቃ የገባት ፍየል ናት። ከባለቤቷ ትሻላለች» አለ ገለታ።

ላልዋሻችሁ፣ ስድቡን ትቼ በፍየሌ ኮራሁ። ለደንበኞቼም አወራሁ። በጨው ቀልበን ከብት በምናረባበት አገር፣ የጨው ሎሪ እንጨት እንደሆነ ዓይናችን እያየ፣ ሁለታችንም አንድ ቀን ቆም ብለን አላሰብንም። ከተሜ ሆነናላ።

የሠርጉ ቀን ጊታሩ አምስተኛውን ቀለም፣ ወርቃማውን፣ ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገለታ ከረባት አስሯል። ከረባቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ቂም አልያዝኩም። ሊጫወት ጎንበስ ሲል የሙሽራው ወገኖች ከጎልቦ ደረሱ ተባለና ጊታሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ሊቀበላቸው ወጣ። ከሎሪው ሰዎቹ ወረዱ፣ ከዚያ በስጦታ የመጡት ፍየሎች ወረዱ። ፍየሎቹ ሣሩን አላዩም፣ ሰውም አልፈሩም። ድንኳኑን ሰንጥቀው ጊታሩ ላይ ሰፈሩ።

ላሱት። አራቱ በአንድ ጎን፣ ሦስቱ በሌላው፣ አምፕሊፋየሩ እያጉረመረመ ወርቁን ቅርፊት በቅርፊት አነሱት። የሙሽራው አባት ጅሎ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ በዱላቸው ፍየሎቹን ገፋ አደረጉና ጣታቸውን በምራቅ አርሰው እንጨቱን ነኩ፤ ቀመሱት።

«ኩን ሶጊዳ» አሉ። ጨው ነው ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ከልባቸው አድንቀው «ጥሩ ጨው ነው» አሉ በአማርኛ፣ አማቻቸው ገለታ እንዲገባው።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ በዚያ ቀን የሚልሰው ሞልቶ ብልሁ ጠፋ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ከዚያ የገለታን ፊት አየሁና አፈርኩ። ከረባቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ ነበር።

አመለሸጋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን የሙሽራ ሻሽ አውልቃ የፍየሉን ልጋግ ጠረገችበትና ጊታሩን ለአባቷ ሰጠችው።

«ተጫወት፣ አባዬ።»

«ልጄ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጪኝ፣ አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ፣ እንጨቱን አጥቤ ቀለሙን...»

«ተጫወት።»

ተጫወተ። ሦስተኛው ክር ቃናውን ስቷል፣ ጣቱም ሁለት ቦታ ተሳስቷል። ዘፈኑን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወሰደው። ሳቁ ቆመ፣ ሰው ትከሻውን ነቀነቀ፣ ሽማግሌው ጅሎም በዱላቸው መሬቱን ይመቱ ጀመር። ሰውየው አንድ ነገር ሲጨርስ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ሙሽራዋ ወደ ጎልቦ ስትጫን ገለታ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ጊታሩን ለእኔ ተዪው፣ ትንሽ ነው የቀረው» አላት። እሷ ጊታሩን ከፍራሿ ጋር ጠቅልላ ሎሪው ላይ አስጫነችው።

ከዚያ ወዲህ ገለታ በየወሩ በሎሪ ጎልቦ ይሄዳል። ለማንም ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው። ባለፈው ወር አብሬው ሄድኩ። ጊታሩ፣ ግማሹ ወርቅ ግማሹ ራቁት፣ ፍየል የማይደርስበት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አመለሸጋ አባቷን በር ላይ ስማ ተቀበለችውና የኮቱን ኪሶች አንድ በአንድ ፈተሸች። ከውስጠኛው ኪስ የታጠፈውን የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥታ ጊታሩን አወረደችለት።