ቀጥ ብሎ የሚቆመው ባሌ

ባሌ ከግንባር ሲመለስ ሰፈሩ የተቀበለው በእልልታ ነው። እጁም እግሩም በቦታው ነበር። ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች እያዩት «ሙሉ ሰው መጣልሽ፣ ተመስገን በይ» አሉኝ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሊነሣ ሲል የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

«ምነው?» አልኩት።

«አልጋው ዞረ።»

«አልጋው እኮ ግድግዳ ላይ ተጠግቷል።»

«እንግዲያውስ ግድግዳውም አብሮ ዞሯል።»

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ከምሽጉ አጠገብ የመድፍ ጥይት ወድቆ ነበር። ከጆሮው ደም ፈሰሰ፣ ታከመ፣ ደሙ ቆመ። ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም፤ መስማት አለመቻሉ ግን ቀላሉ ነው። ሽቅብ ሲያይ፣ ድንገት ሲዞር፣ ጨለማ ውስጥ ሲራመድ መሬቱ ከሥሩ ያጋድላል። ከተማችን ጭሮ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ጤነኛውም እየተንደረደረ ነው የሚወርዳት። ዞረብኝ ብሎ ለሰው እንዳይናገር፣ በእኛ አገር ዞረብኝ ያለ ሰው ወይ ጫት በዝቶበታል ወይ ጫት ጠፍቶበታል። ሌላ ምክንያት የሚቀበልህ የለም።

እሱ ግን መላ አገኘ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ መቋሚያ ተደግፎ ነው የሚያስቀድሰው። ማን ለጸሎት፣ ማን ላለመውደቅ እንደተደገፈ በምን ይለያል? መጀመሪያ መቋሚያውን እሑድ እሑድ ይዞ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ወደ ሱቅም ይዞት ይሄድ ጀመር፤ በኋላ ገበያም ወጣ። የመንገዳችን ማዕዘን ላይ ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ ባየችው ቁጥር አትምረውም።

«ያ አባ ቄስ! ዛሬ ደግሞ ቅዳሴው ጫት ተራ ነው እንዴ?»

ፈገግ ብሎ ያልፋል። ከዘራ ግዢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ከዘራ ሽማግሌ ያሰኛል፣ ክራንች ቁስለኛ ያሰኛል፤ መቋሚያ ግን ምእመን ነው የሚያሰኘው። በሽተኛ ከሚባል ጻድቅ ቢባል መረጠ።

ሥራው ቆርቆሮ መምታት ነበር። አንድ ቀን የጣሪያ ሥራ ላይ ሳለ ምሳውን ይዤ ስሄድ፣ የጣሪያውን ጫፍ እንዳቀፈ ዓይኑን ጨፍኖ በሆዱ ተኝቷል። የቤቱ ባለቤት ከታች ቆሞ ሠራተኞቹን ዝም ያሰኛል። «ተዉት፣ አትረብሹት፣ ጸሎት ላይ ነው» ይላል። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ «ገመድ አምጡ!» ብዬ ጮህኩ። በገመድ አስረው አወረዱት። ማታ ራት እየበላን ቁርጡን ነገርኩት።

«ጡረታህን እንጠይቃለን።»

«የምን ጡረታ?»

«የጉዳት ጡረታ ነዋ።»

«የቱን ጉዳቴን ላሳይ? እዚያ ወረፋ ላይ እግሩን የሰጠ አለ፣ ዓይኑን የሰጠ አለ። እኔ ምን ሰጠሁ ልበል? ሚዛኔን?»

«አዎ፣ ሚዛንህን! ስላልታየ አልሰጠህም ማለት ነው? ስማኝ፣ የሚቀጥለው ጣሪያ ላይ እንደዚህ ጸሎት ስታደርስ፣ ፍትሐት የማስደርገው እኔ ነኝ።»

አቀርቅሮ መጉረሱን ቀጠለ። ወታደር ዝም ካለ እሺ ብሏል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምተረጉመው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ዛሬም ሳነብ ጣቴን አስከትላለሁ። ቢሮ ስገባ ግን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ሳላነብ አልወጣም። የጡረታ ቢሮው ማስታወቂያ፣ ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ መሆኑን አብሮ የነበረ ሰው ይመስክር ይላል። የምሽግ ጓደኛው ገለምሶ አጠገብ ቡና ያለማል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሰውዬው ከአጥሩ ውጭ ሲያየኝ የማን ሚስት እንደሆንኩ ገና ከመናገሬ «ኮቱ፣ ኮቱ! ግቢ እንጂ የኔ እህት!» ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ጉልበቱን መታ።

«ወላሂ እመሰክራለሁ! ከአፈሩ ውስጥ ጎትተን ያወጣነው እኔና ሌላ አንድ ልጅ ነን። በጀርባው አጋደምነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰማዩን ያዙልኝ፣ ሊወድቅ ነው ይለናል። እኛ ደግሞ አእምሮውን ነክቶታል ብለን አለቀስን። እስካሁን ያዞረዋል እንዴ?»

«እስካሁን።»

«ለእኔ በስልክ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።»

«ለእኔም እንደዚያው ነው የሚለው» አልኩት። ሁለታችንም በእሱ ሳቅን፤ ከዚያ መሳቁን ተወን። ምስክርነቱን እዚያው ባለበት ወረዳ ሄዶ ሰጠልኝ።

የሕክምና ቦርድ ፊት የሚቀርብበት ቀን ጠዋት ባሌን ብታዩት፣ ሙሽራ ነው። ጺሙን ተላጭቷል፣ ሱሪውን እንደ ምላጭ ተኩሷል። ከጭሮ ተሳፍረን ሆስፒታሉ በር ስንደርስ መቋሚያውን ለዘበኛው አስረከበ።

«ያዘው እንጂ!» አልኩት።

«ምርኩዝ ይዤ ለልመና አልገባም።»

በግራ ጆሮው ስለማይሰማ «የሚሉትን የማሰማው እኔ ነኝ» ብዬ አብሬው ገባሁ። ሦስት ሐኪሞች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ አንዷ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ሴት። መካከል የተቀመጠው ቀና ሳይል «እንዴት ነዎት?» አለው። ባሌ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቀጥ አለ።

«ደህና ነኝ ጌታዬ!»

ወይ ጉዴ!

«ያዞርዎታል?»

«አልፎ አልፎ ነው ጌታዬ። ይቻላል።»

«ወድቀው ያውቃሉ?»

«ወድቄ አላውቅም ጌታዬ።» አልዋሸም፤ በገመድ አወረዱት እንጂ መቼ ወደቀ!

«ጫት ይቅማሉ?»

«አልቅምም።»

ሐኪሙ ጎኑ ያለውን ሰው በዓይኑ ጠቀሰው። ከጭሮ መጥቶ አልቅምም የሚል ሰው በሌላውስ ነገር ምን ሊታመን! ባሌ ደግሞ እንደ ባንዲራ እንጨት ተገትሯል። ዓይኑን የት እንደተከለ እኔ አይቻለሁ። ፊት ለፊቱ ያለው መስኮት ማዕዘን ላይ ነው፤ ከዚያ ቢነቅለው አለቀለት። ለእነሱ ግን ከእሱ የበለጠ ጤነኛ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ወታደር ቤት የተማረው ይኼንን ነው፤ አለቃ ፊት አይታመምም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ሲያነሣ መታገሥ አልቻልኩም።

«ጌቶቼ፣ ይኼ ሰውዬ አለቃ ፊት ታሞ አያውቅም!»

«እናት፣ እሳቸው ይመልሱ» አለኝ ቆጣ ብሎ።

ሴትየዋ ግን «ቆይ» አለች። ባሌን ስታይ ቆየች። ዓይኗ አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ያስቀድሳሉ?»

«አዎ።»

«ቆመው?»

«ቆሜ።»

«ባዶ እጅዎን?»

ስለ ሌላው ቢጠይቁት እስከ ማታ ደህና ነኝ ይላቸው ነበር። ስለ ቅዳሴ ግን እንዴት ብሎ ይዋሽ?

«በመቋሚያ ነው» አለ።

«መቋሚያ ባይኖርስ?»

«ግድግዳ ሥር እቆማለሁ።»

«ግድግዳውም ባይኖርስ?»

«እቤቴ እቀራለሁ።» ጌታዬ ማለቱን ረስቶት ነበር።

ተነሥታ ከኋላው ቆመች። «እግርዎን ይግጠሙ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ዓይኑ ከመስኮቱ ላይ ሲነቀል አየሁ። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አለ፤ ከዚያ እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ ወደ ኋላ መጣ። ሴትየዋ እጇን አስቀድማ ዘርግታ ነበርና ተቀበለችው። ወንዶቹም ተነሥተው ደገፏት።

«ይቅርታ» ይላል ባሌ ወንበሩን እየዳበሰ፣ «ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ አለው?» አለችው። «እስከ አሁን ያቆመዎት ዓይንዎ ነው። የውስጥ ጆሮዎ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ይኼ ስንፍናም አይደለም፣ የጫትም አይደለም።» የጫቱን ስትል ወደ ጓደኛዋ ዞር አለች፤ እሱም እየሳቀ እስክሪብቶውን አንሥቶ መጻፍ ጀመረ።

ኮሪደሩ ላይ ባሌ ክንዴን ይዞ ትንሽ እንደሄድን ቆመ።

«ደስ ብሎሻል አይደል?» አለኝ።

«እውነት ልንገርህ? ባሌ ሲወድቅ ደስ ሲለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅሁ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ የአንድ እግሩን ሱሪ ጠቅልሎ የተቀመጠ ጎልማሳ «የተፈቀደላቸው እንዲህ ነው የሚስቁት?» ብሎ ጠየቀ። ባሌ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲለያዩ ግን ተሳሳሙ።

መልሱ ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ብለው ተቀበሉት። ባሌ ጣሪያ መውጣት ተወ። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ በርና መስኮት ይሠራል፤ ለጠየቀው ሁሉ «ሚዛኔ ተጎድቶ ነው» ይላል፣ ራሴን አመመኝ እንደሚል ሰው፣ ቀለል አድርጎ።

ባለፈው ወር ከቦርደዴ አንድ የቀድሞ ወታደር የባሌን ጡረታ ነገር ሰምቶ አድራሻችንን አጠያይቆ መጣ። ቡና ሳቀርብለት ሲኒውን ሲቀበል በሌላኛው እጁ ጠረጴዛውን እንደጨበጠ አየሁ። ባሌም አየ።

«ያዞርሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ ወንድሜ። አልፎ አልፎ ነው።»

«ወይኔ!» አለ ባሌ ወደ እኔ ዞሮ። «ይኼው ሌላ ደህና መጣልሽ!» እንግዳውን ክንዱን ይዞ ግቢው መሀል አቆመው። «እግርህን ግጠም። ዓይንህን ጨፍን። አይዞህ፣ ከኋላህ አለሁ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሰውዬው ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ባሌ እሱን ለመከተል ጭንቅላቱን ሲያንቀሳቅስ እሱም ያጋድል ጀመር።

«ኧረ ሁለታችሁም ልትወድቁብኝ ነው!» ብዬ የያዝኩትን ጀበና መሬት አስቀምጬ ሮጥኩና፣ ከሁለቱ ኋላ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።