አረንጓዴ የጣለችው ገብስማ

ልጄ አግብታ አጋሮ ከገባች ወዲህ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባባ፣ ከእማዬ ዶሮ ዘር አንዲት ይስጡኝ።»

ባለቤቴ ካረፈች ቆየች። ዶሮዋ ገብስማ ነበረች፤ ግራጫና ነጭ ዥጉርጉር፣ ጠባየ ክፉ፣ እጅ የምትነክስ። ንጹሕ የሐበሻ ዶሮ ናት፣ ከሚስቴ እናት ቤት የመጣች ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። እዚህ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ሰዉ ሁሉ ወደ ፈረንጅ ዶሮ ሲዞር እኔ ያችን ይዤ ቀረሁ። ክረምት ላይ ሞተችብኝና አንዲት ቄብ ብቻ ተረፈችኝ።

ቄቧ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ያው ገብስማ። ጉንጯ ላይ ብቻ ጢም የመሰለ ላባ አብቅላለች። እኔም «አይ ውበት!» ብዬ አለፍኩት።

ልጄ ልትወስዳት ልትመጣ ባለችበት ሳምንት ቄቧ አስካካች። የመጀመሪያ እንቁላሏ ነውና ደስ ብሎኝ እጄን ወደ ጭዱ ሰደድኩ። ያወጣሁት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ! ልክ እንደ ጥሬ ቡና። ሻጋታ መስሎኝ በጋቢዬ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። በምራቄም ሞከርኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማሊ ኩን? ምንድን ነው የያዙት?»

አሳየኋቸው።

«ወላሂ፣ ይሄ የዚያ የፈረንጅ አውራ ዶሮ ሥራ ነው! የታችኛው ግቢ፣ ጢማሙ። አጥር ሲዘል ስንቴ አይቼዋለሁ። የሱ ዘር እንቁላሉ አረንጓዴ ነው አሉ።»

«የኔ ዶሮ የሐበሻ ናት!»

«እናቷ ትሆናለች። አባቷንማ ጢሟ ይናገራል» ብለው ሳቁ። «ዲቃላ ናት፣ ጋሼ።»

ዲቃላ የሚለው ቃል ለዶሮም ቢሆን አመመኝ። ሌላ ቄብ የለኝ፣ ለልጄ ምን ልበላት?

ስትመጣ ሳልደብቅ እንቁላሉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። «ልጄ፣ የእናትሽ ዶሮ ዘር ተበላሸብኝ። ንጹሕ አይደለችም።»

አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«አባባ፣ ድሮስ መቼ ንጹሕ ነበረች? እማዬ እኮ ሰኮሩ መንገድ ዳር ነው የገዛቻት፣ በመኪና መስኮት። እስከ ጅማ ያቀፍኳት እኔ ነኝ።»

«ከእናቴ ቤት ነው ብላኝ…»

«ከመንገድ ገዛኋት ብትልዎት በማግሥቱ ያርዷት ነበራ!»

ስንት ዓመት ያወራሁለት ዘር!

ልጄ ቄቧን ልትይዝ እጇን ስትሰድ ቄቧ ክፉኛ ነከሰቻት።

«ውይ! ቁርጥ የእማዬን ዶሮ!» አለች እጇን እያራገፈች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። በዘንቢል ይዛት አጋሮ ሄደች።

እንቁላሉ እኔ ዘንድ ቀረ። መብላቱንም አልደፈርኩ። ሰው ሲመጣ አውጥቼ አሳያለሁ፣ የሚስቴ ዶሮ ልጅ ናት የጣለችው እላለሁ። ዘሯ ከየት ነው ሲሉኝ ግን፣ ሰኮሩ ማለቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።