በጣት የሚታይ ድንጋይ

ሸዋገነት ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ስታየው ክው አለች። እንደ እንቁላል ጉብ ባለው ጀርባው ላይ፣ ከጠርዙ ተነስቶ እስከ መሀል የሚሄድ ጭረት አለ። ከፀጉር አይወፍርም። በአውራ ጣቷ ጥፍር ስታልፍበት ግን ቀጭ አድርጎ ያዛት።

ሸዋገነት የምትኖረው ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ከተደራረቡት ቤቶች በአንዱ ነው። የከበሩ ድንጋዮችን ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ አጥናፉ ነው። በደህናው ዘመን እጁ የተባረከ ነበር። ያኔ ግን ውሃ አንጠባጥብበት ብሎ የመከረው ሰው አልነበረም፤ በሩን ዘግቶ በደረቁ ሲሞርድ ይውልና ቅንድቡ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስሎ ይወጣል። ብናኙ እያደር ሳንባው ውስጥ ተቀመጠ። አሁን ጓዳ አልጋው ላይ ተደግፎ ነው የሚውለው፤ እስከ በሩ ለመራመድ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚሞርድበትን ሞተር እህቱ የወረሰችው እሱ በሕይወት እያለ ነው።

ድንጋዩን ያመጣችው ሐመልማል የምትባል የደላንታ ሴት ናት፤ ሽሮ ሜዳ እህቷ ዘንድ ተጠግታ ትኖራለች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ፣ ገና ያልተነካ ኦፓል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻካራው ገላው መሀል ቅጠልና ፍም የመሰለ ቀለም ብልጭ ይላል።

«ባሌ ኪስ ውስጥ የተገኘ ነው» አለች። «ኦፓል ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰበት። አስከሬኑን ሲያወጡ ይኼ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አለች ሸዋገነት። ድንጋዩን አነሳችና፣ «እና ቀለበት ይሁንልሽ ወይስ የአንገት?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም አይሁን እትዬ። እናቱ ናቸው የሚፈልጉት። ‹ልጄን የበላውን ድንጋይ አምጪልኝ› ይላሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በጣታቸው ነው የሚያዩት። እንዲህ እንዳለ ብወስደው እጃቸውን ይቧጥጣቸዋል። ለስላሳ ብቻ ያድርጉልኝ። ለሙት ዓመቱ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሐመልማል የምትሳፈረው ነገ ማለዳ ነው። ድንጋዩን ልትወስድ የምትመጣው ደግሞ ዛሬ፣ አሁን።

ጭረቱ ከየት እንደመጣ ሸዋገነት ወዲያው ገባት። ቧንቧው በፈረቃው ቀን ሳይመጣ ቀርቶ ነበርና ውሃ ስትቆጥብ ሰነበተች። በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ስትሞርድ የተጠቀመችበትን ውሃ መድፋት አሳዘናት፤ በዚያው ሳፋ ድንጋዩን አለቅልቃ ወደ ለስላሳው ወረቀት አለፈች። ከሻካራው የቀረች አንዲት ቅንጣት ተከትላ መጥታ ጀርባውን አረሰችው። ወረቀት ሲቀየር ውሃውም ይቀየራል፣ እጅም ይታጠባል፤ አጥናፉ ከታመመ በኋላ ሙያውን ሲያስተምራት፣ ገና ከጅምሩ የነገራት ይኼንን ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጭረት መላው አንድ ነው፤ ወደ ሻካራው ተመልሶ እንደገና መጀመር። እላዩ ላይ ቢወለወል ያብለጨልጫል እንጂ አይጠፋም። ሳፋው ውስጥ የቀረው ግን ዝቃጭ ነው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አነቃነቀቻቸው። ጠብ የሚል የለም። ታች ካለው የሕዝብ ቧንቧ፣ ከቦኖው፣ ወርዳ እንዳትሰለፍ ጊዜ የለም።

ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አሰረችና ሞተሩን አስነሳች። «ለትንሽ ነው» አለች ለራሷ። ድንጋዩ የሚሽከረከረውን ዲስክ ሲነካ ነጭ ብናኝ ቡን አለ። ወዲያው ጣቶቿ ስር ሲሞቅ ተሰማት። ኦፓል ሙቀት አይችልም፤ ሳያስጠነቅቅ ለሁለት ይከፈላል። ይህን እያወቀች እጇን አላነሳችም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...

ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። ዞር ስትል አጥናፉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የነቀለውን ሶኬት እንደጨበጠ ነው። ትንፋሹ እስኪመለስለት መናገር አቃተው።

«በደረቁ ነው» አለ በመጨረሻ። «ድምፁን ለየሁት።»

«ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ነው!»

«እኔም ትንሽ ነው እል ነበር።»

«ውሃ የለማ! ምን ላድርግ ታዲያ? ሴትየዋ መጣች እኮ!»

«ትምጣ። ጠብቂ በያት።» ሳሉ መጣና አጎነበሰው። ሶኬቱን ግን አልለቀቀም።

እሱን ደግፋ አልጋው ላይ ስታሳርፍ በሩ ተንኳኳ። ሐመልማል ናት። ሸዋገነት ድንጋዩን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ በመዳፏ ያዘች። ዲስኩ ገና ጠርዙን ብቻ ነበር የነካው፤ ጀርባው ያብለጨልጫል። ብትሰጣት ሐመልማል ምንም አታይም ነበር። አሮጊቷ ግን በዓይን አይደለም የሚያዩት።

«አበላሽቼዋለሁ» አለቻት። ጣቷን ይዛ በጭረቱ ላይ አሳለፈችላት። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሐመልማል ጭረቱን ደግማ ዳበሰችው። «ይጠፋል?»

«በውሃ ከሆነ ይጠፋል። ሊሰነጠቅም ይችላል፤ አልዋሽሽም። ውሃውም የለኝም።»

ሐመልማል ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ትልቁን ጀሪካን አንስታ በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረችና ቁልቁል ወደ ቦኖው ወረደች። ሰልፉ ረጅም ሳይሆን አይቀርም፣ ቆየች። ሸዋገነት ሳፋውን ደፍታ ጠረገችው፤ ወረቀቶቹን ለየች፤ ጥፍሮቿን በመርፌ አጸዳች። ቀኑ እየሄደ ነው። ሐመልማል ዳገቱን ስትወጣ ገና ከሩቅ ትንፋሿ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ሞተር የሚባል ነገር አልተነሳም። ሸዋገነት ሻካራውን ወረቀት አርጥባ፣ ድንጋዩን በሦስት ጣት ይዛ፣ እያዞረች ቀስ ብላ ሞረደች። አንድ ቦታ ላይ ከቆየች ጀርባው ይጎደጉዳል። ጭረቱ ቀጠነ፤ ድንጋዩም አብሮ አነሰ። ጠፋ ስትል ውሃውን ደፋች፣ እጇን ታጠበች፣ ወደ ቀጣዩ ወረቀት አለፈች። ሐመልማል በቆርቆሮ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ታፈስላታለች።

በመሀሉ ሐመልማል ጮኸች፤ «ቀለሙስ? ቀለሙ የት ገባ?»

ድንጋዩ እንደ ጄሶ ፈዟል፤ ቅጠሉም ፍሙም የለም።

«ውሃ ጠጥቶ ነው። ያንቺ አገር ኦፓል እንዲህ ነው። ሲደርቅ ይመለሳል።» ይህን ስትል የገዛ ድምጿን አላመነችውም። አንዳንዱ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅም ታውቃለች።

በመጨረሻ በእርጥብ ቆዳ ላይ ነጩን የመወልወያ ዱቄት ቀብታ፣ እንዳይሞቅ እያረፈች ወለወለችው። ሲያልቅ በአራቱም ማዕዘን ጥፍሯን አሳለፈችበት። የትም አልያዛትም። ሐመልማል ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ሸዋገነት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ «ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ» ብላ ሰጠቻት።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ሐመልማል ደወለች።

«እናቱ መጀመሪያ አልነካም ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ» አለች። «በኋላ ተቀበሉኝና በጣታቸው አዞሩት፣ አዞሩት። ‹ሲወለድ ጭንቅላቱ እንዲህ ለስላሳ ነበር› ብለው ተንሰቀሰቁ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣቸውም ነበር እኮ፣ እትዬ። አገሩ ሁሉ ፈርቶላቸው ነበር።»

«ቀለሙስ ተመለሰ?» አለች ሸዋገነት።

«እንጃ» አለች ሐመልማል። «ከእጃቸው አላወጡትም።»